የሚበላው ይርገጥ

ታክሲዬ ጣራ ላይ የላስቲክ ሳህን አለ፤ ውስጡ የላስቲክ ኡዶን፣ ከላይ የላስቲክ ሽንኩርት። አትሳቁ። ወደ እኛ ወደ ካጋዋ ከቶኪዮና ከኦሳካ ቤተሰቡን ጭኖ ለዕረፍት የሚመጣ ሰው ባሕር ሊያይ አይደለም የሚመጣው፤ ያንን ወፍራም የስንዴ ክር ከቤት ቤት እየዞረ ሊበላ ነው። የማዞረው ደግሞ እኔ ነኝ። ጠዋት አንድ ቤት፣ ረፋዱ ላይ ሌላ፣ ምሳ ሰዓት ሌላ፤ ሆዳቸው ተወጥሮ የኋላ ወንበር ላይ እያቃሰቱ ቀጥሎስ ወዴት ነው ይሉኛል። ሆዳም ሁላ። ግን እንጀራዬ ናቸው፣ ምን አደርጋለሁ።

እትዬ ኪኑኤ ቤት ግን አንድም እንግዳ ወስጄ አላውቅም። ለምን ቢሉኝ፣ ያ የእኛ ነው፣ የመንደሩ ነው። ብቻውን ልፈልገው ቢልም አያገኘውም፤ ምልክት የለውም፣ ስም የለውም፣ በመንገድ በኩል ያለው በር ከተዘጋ ዘመናት አልፈዋል። ከበሩ ኋላ የዱቄት ጆንያ እስከ ጣራው ተደርድሯል። መግቢያው በጓሮ፣ በሽንኩርቱ ማሳ በኩል ነው።

ቤቱ ድሮም ምግብ ቤት አልነበረም። የእትዬ ኪኑኤ አማት ኡዶን እየሠሩ ለትምህርት ቤትና ለሱቅ የሚያከፋፍሉበት ነበር። ማለዳ ወደ እርሻው የሚወርደው ገበሬ ሳህኑን ከቤቱ ይዞ በጓሮ ይገባና ትንሽ ጣል አድርጉልኝ ይላል፤ እዚያው ቆሞ በልቶ ይሄዳል። በዚያው ቀረ። ሕጉ ዛሬም ያው ነው፤ ሳህንህን ራስህ ታነሳለህ፣ ኡዶንህን ፍል ውሃ ውስጥ ነክረህ ራስህ ታሞቃለህ፣ መረቅህን ራስህ ትቀዳለህ። ሽንኩርት ካማረህ ቢላው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ማሳው ደጅ ነው፤ ነቅለህ፣ አጥበህ፣ ከትፈህ ትመጣለህ። አንድ ጊዜ አዲስ የተሾመ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ቁጭ ብሎ ሽንኩርት አምጡልኝ ቢል፣ እትዬ ኪኑኤ ቀና ብለው አዩትና እግርህን ታመሃል እንዴ አሉት። አሁን ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ ከሁሉ ቀድሞ ማሳው ውስጥ የሚገኘው እሱ ነው።

እትዬ ኪኑኤ የኢቡኪ ደሴት ልጅ ናቸው። አባታቸው ትንንሽ ዓሣ እያደረቁ የሚሸጡ ሰው ነበሩ፤ የመረቃቸው ነገር ከዚያ ነው የመጣው። ሙሽራ ሆነው ሲመጡ አማትየው ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ይኼ እግር ነው ወይስ የመብያ እንጨት?» አሉ ይባላል። የኡዶን ቡኮ በእጅ ብቻ አይሆንም፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእግር ይረገጣል፣ ይታጠፋል፣ ደግሞ ይረገጣል። አለዚያ ከጥርስ ጋር አይታገልም። ቀጭኗ ሙሽራ መልስ አልሰጡም። አማትየው ከተኙበት ሳይነሱ የዱቄት ጆንያ በጀርባቸው ተሸክመው መርገጥ ጀመሩ፤ ክብደት ነው የጎደለኝ? ይኸው ክብደት፣ ነው ነገሩ። ኋላ አማትየው አርጅተው አልጋ ሲይዙ ከኪኑኤ ሌላ ከማንም እጅ ኡዶን አልበላም ብለው ሞቱ።

ባላቸው ሺጌሩ ዝምተኛ፣ የዋህ ሰው ነበር። እሱ ሲሞት የመንደሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሄዱና አሁንስ ይበቃዎታል፣ ይረፉ አሏቸው። እሳቸው ሻይ ቀዱላቸው፣ አመሰገኗቸው፣ በር ድረስ ሸኟቸው። ሐዘኑ ገና ሳይበርድ አንድ ማለዳ ከጓሮው እንፋሎት ወጣ። ጉልበታቸው ማበጥ ሲጀምርም ከጣራው አግዳሚ ላይ የመርከብ ገመድ አንጠለጠሉ፤ እሱን ጨብጠው ይረግጣሉ። ገመዱ የተያዘበት ቦታ በላብ ጠቁሯል።

እንግዲህ የዚህች ሴት አንድ ልጅ ነው ማሳኖሪ። ቶኪዮ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው። ባለፈው የግንቦት ዕረፍት ሚስቱን ቺሳቶንና ልጁን ዋካናን ይዞ መጣ። ዕረፍት አለን እንጂ፣ የመጣው እናቱን ነቅሎ ሊወስድ ነው። የአራት ሰው የባቡር ቲኬት ቆርጦ ነበር።

ልክ ነው፣ ጨክኖ አይደለም። ክረምት ላይ እትዬ ኪኑኤ ቡኮው ላይ ሳሉ ጉልበታቸው ከድቷቸው ወድቀው፣ ፖስተኛው ኮንዶ ለቁርሱ እስኪመጣ ሲሚንቶ ላይ ተኝተው ነው የተገኙት። ልጅየው ይህን በስልክ ሰምቶ አለቀሰ አሉ። ሐኪሙም ከእንግዲህ ቡኮ ላይ መውጣት የለም ብሏል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሆኖም ሲመጣ አበሸቀኝ፣ አልዋሽም።

ያበሸቀኝ ምን መሰላችሁ? በመጣ በማግስቱ ጠዋት ሁላችንም ሳህን ሳህናችንን ይዘን ስንጋፋ፣ ማሳኖሪ ገባና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ቁጭ ብሎ ጠበቀ። እዚያ ቤት ተወልዶ፣ እዚያ ማሳ ውስጥ ድክ ድክ ብሎ ያደገ ሰው፣ አምጥተው እንዲያቀርቡለት ይጠብቃል። ፖስተኛው በክርኑ ጎሰም አደረገኝ። እትዬ ኪኑኤ አዩት፣ ግን እንደ ባንኩ ሰውዬ አልተናገሩትም። ያ ዝምታ ነው ያሳመመኝ። ሚስቱ ቺሳቶ አፍራ ተነስታ ቀዳችለት።

በዚያው ቀን ማሳኖሪ እናቱን ይዞ ቁጭ አለ፤ እኔም ሽንኩርት ልከትፍ ብዬ ጆሮዬን ጥዬ ነበር። ሰው ሁሉ ያንቺን የመሰለ ኡዶን የለም እያለ ስለሚያሞካሽሽ ነው የማትተዪው አላቸው። ነገ የዕረፍት ቀንሽ ነው፣ አብረን እንዙር፤ ያንቺን የሚያህል ካገኘን ያኔ ምን ምክንያት ይቀርሻል? ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ይባል የለ! እትዬ ኪኑኤ ከሌላ ሰው ቤት ኡዶን ከቀመሱ ስንት ዘመናቸው ነው፤ ሁልጊዜ የሚያበሉ እሳቸው። ዓይናቸው በራ ሲል አየሁ። በስንት ሰዓት ነው የምንወጣው ብቻ አሉ።

ማሳኖሪ የእኔን ታክሲ ተከራየ። እትዬ ኪኑኤ ጉልበታቸውን ዘርግተው ከፊት ከእኔ ጎን ተቀመጡ፤ የበዓል ካፖርታቸውን ለብሰዋል። ስንዴው ዛላ አውጥቶ ነበር፤ በመስኮት እያዩ ይኼ ዝናብ ጎድሎታል፣ ይኼ የሰነፍ ማሳ ነው ይሉኛል።

መጀመሪያ የሄድነው መስታወት በመስታወት የሆነ አዲስ ቤት ነው፤ ሰልፉ መንገድ ዳር ደርሷል፣ ወጣቱ ሳይበላ ፎቶ ያነሳል። እትዬ ኪኑኤ በልተው ደህና ነው አሉ። ከዚያ ወደ ኮቶሂራ ወጣን፤ ቤተ መቅደሱ ደረጃ ሥር ከተደረደሩት ሻጮች ዋካና ያየችውን ሁሉ አማራት። ከሰል ላይ የተጠበሰ የሩዝ ኳስ፣ በእንጨት የተሰካ ትኩስ የዓሣ ቂጣ፣ ሶያ ሶስ የፈሰሰበት አይስክሬም፤ ለአያቷም ታጎርሳለች። እትዬ ኪኑኤ አይስክሬሙን ቀምሰው፣ የዛሬ ልጆች እብዶች ናችሁ፣ ግን አምጪ ድገሚኝ አሉ። እኔም ሳቅሁ። ለአፍታ እውነትም ዕረፍት መሰለ።

ሦስተኛው ቤት ከወንዙ ዳር ነው። ባልና ሚስት፣ ገና ወጣቶች፣ ቡኮውን የሚረግጥላቸው ማሽን ነው። በልቤ ማሽን ነው፣ ምን ያመጣል፣ ማሳኖሪ ጉድ ሆነ እላለሁ። ኡዶኑ መጣ። እትዬ ኪኑኤ ሳብ አደረጉት። አኘኩ። አሁንም ሳብ አደረጉ። ማንንም አላዩም። ሳህኑን በሁለት እጃቸው አንስተው መረቁን እስከ ጠብታው ጠጡና አስቀመጡት።

«ከኔ ይሻላል» አሉ።

ጆሮዬን አላመንኩም። እትዬ፣ ምን ነካዎት፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ አይደል? ዋሽተው ትንሽ ጨው በዝቶበታል ቢሉ ማን ይጠይቅዎታል? ግን አይዋሹም፣ ተፈጥሯቸው ነው። ብድግ ብለው እያነከሱ ወደ ማብሰያው ገቡና ለነዚያ ልጆች ጎንበስ ብለው አመሰገኗቸው። ሚስትየዋ ማን እንደሆኑ ስታውቅ ከእሳቸው ይበልጥ ዝቅ ብላ ጎነበሰች። ማሳኖሪ ፊቱ በራ፤ ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ስለ ቶኪዮው ክፍል አወራ፤ ፀሐይ ያገኛል፣ ሊፍት አለው፣ ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው። እትዬ ኪኑኤ ስንዴውን ያያሉ። እኔ ታክሲውን የነዳሁት በንዴት ነው፣ ጉድጓድም አልዘለልኩ።

ማታ ላይ ቤተሰቡ ከነአጥንቱ የሚጠበሰውን የዶሮ እግር ሊበላ ማሩጋሜ ከተማ ወጣ። እትዬ ኪኑኤ ጠግቤያለሁ ብለው ቀሩ። ማሳኖሪ ከመሄዱ በፊት በትልልቅ ፊደል ከእንግዲህ ሥራ አቁመናል፣ ለዘመናት ስለመጣችሁ እናመሰግናለን ብሎ ጽፎ በር ላይ ለጠፈ። እኔ ስሸኛቸው አነበብኩት። ሸጠችን አልኩ፣ አንቱ ማለቱንም ረሳሁት። ቤቴ ገብቼ ለሚስቴም አልነገርኳትም።

ጠዋት ምን አስነሳኝ? ልማድ ነው መቼም። ለመጨረሻ ጊዜ ልሰናበታቸው ብዬ በጓሮ ስገባ፣ ማሳው ውስጥ የባንኩ ሰውዬ ክራቫቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ሽንኩርት ይነቅላል። ፖስተኛው አለ፣ የመንደራችን የጥርስ ሐኪም አለች፣ ገበሬው ሁላ አለ። ማስታወቂያውን አላያችሁም እንዴ አልኳቸው። የምን ማስታወቂያ አሉኝ። ለካ ማሳኖሪ የለጠፈው በመንገዱ በር፣ በዚያ በጆንያው በር ላይ ነው! በዚያ በር ማንም ገብቶ አያውቅ፣ ማን ያንብበው? እኔ ራሴ ያየሁት በታክሲ ስለመጣሁ ነው። እዚያ ቤት የተወለደ ሰው በየት እንደሚገባ ረስቶ፣ እናቱን ለዱቄት ጆንያ አሰናበተልን።

ውስጥ ምድጃው ይነዳል፣ ውሃው ይንተከተካል። ማታ ሁሉም ዶሮ ሲግጥ እትዬ ኪኑኤ ብቻቸውን አቡክተው፣ በገመዳቸው ተንጠልጥለው የማታውን ርግጫ ረግጠው አሳድረውታል። ዋጋው ግን ጉልበታቸው ላይ ወጣ። አብጦ ሐብሐብ አክሏል። ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቡኮው በጨርቁ እንደተጠቀለለ እግራቸው ሥር አለ፣ የጠዋቱን ርግጫ ይጠብቃል። ከበርጩማው ለመነሳት ሞከሩ፣ አልሆነም። ገመዱን ያዙ፣ አልሆነም። ሁላችንም ባዶ ሳህን ይዘን ቆመን እናያለን። ማሳኖሪ በፒጃማው ከመኝታ ቤት ወጣ፣ ሚስቱና ልጁ ከኋላው።

ትናንት በገዛ አፍሽ ከኔ ይሻላል ብለሻል አላቸው፣ ሰው ሁሉ ፊት። ዓይኑ ግን ያበጠው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ብያለሁ፤ ዛሬም እላለሁ» አሉ። «እነዚያ ልጆች ከኔ ይሻላሉ።»

«ታዲያ እማዬ?»

«ታዲያ ምን? ከኔ የምትሻል እናትስ ሞልታ የለም እንዴ? አንተም አይተሃል፣ እኔም አይቻለሁ። እናትነቴን ልተውልህ?»

እትዬ ኪኑኤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፣ ግን አገጫቸው ቀና እንዳለ ነው። እኔ ከማንም እበልጣለሁ ብዬ ተነስቼ አላውቅም አሉት፤ ጠዋት ሲሆን የራበው ሰው በጓሮዬ ስለሚመጣ ነው የምነሳው፤ አንተ የቶኪዮ ፀሐይህን ለራስህ ሙቅ።

በምን እግርሽ ነው የምትረግጪው አላቸው፣ ይህን እንኳ በሹክሹክታ ነው። እውነቱን ነው። ወለሉን አየን። እትዬ ኪኑኤ ግን ወደ እኛ ዞሩ። አንድ በአንድ አዩን፤ ዕዳ እንዳለበት ሰው ተሸማቀቅን።

«እዚህ ቤት ሽንኩርቱን የሚከትፈው ማነው?»

«የሚበላው» አለ የባንኩ ሰውዬ።

«መረቁንስ?»

«የሚበላው» አልን ብዙዎቻችን።

«ቡኮውንስ?» አሉ።

የቤቱ ሕግ እስከዚያ ድረስ ሄዶ አያውቅም። ቡኮው የእሳቸው ነው፣ ከእሳቸው በፊት የአማታቸው ነበር፤ እሱ ላይ መውጣት መቃብር ላይ የመውጣት ያህል ነው። ከዚያ ፖስተኛው ኮንዶ፣ ያ ክረምት ላይ ከሲሚንቶ ያነሳቸው ሰው፣ ሳህኑን አስቀመጠና ጫማውን ይፈታ ጀመር። ካልሲውን አወለቀ፣ እግሩን ታጠበ፣ ቡኮው ላይ ወጣና ገመዱን ያዘ። ከእሱ ቀጥሎ የጥርስ ሐኪሟ። ከእሷ ቀጥሎ እኔ። ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ኡዶን በልቼ፣ እግሬ ሥር እንዴት እንደሚገፋ፣ እንዴት እንደ ሕያው ነገር እንደሚመልስ አላውቅም ነበር። እትዬ ኪኑኤ በርጩማቸው ላይ ሆነው ይሰድቡናል። ኮንዶ ደብዳቤ የምታድል ነው የምትመስለው፤ ታዳሺ ፍሬን አትያዝ፣ ይኼ ለእኔ ነው፤ በተረከዝ፣ በተረከዝ! ሐኪሙ አትውጪ ያለኝ እኔን ነው፣ እናንተን መች ከለከለ ይላሉ። እንዲህ ሲስቁ ካየኋቸው ቆይቷል።

ከዚያ እዚያው በርጩማቸው ላይ ሆነው ዳመጡት፣ ተቆረጠ፣ ተቀቀለ፤ ሁላችንም ቀድተን በላን። እውነቱን ልንገራችሁ? ክሩ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ነበር፣ የወንዝ ዳሩ ቤት በብዙ ይበልጣል። ማንም ግን አንዲት ክር አላስተረፈም። ማሳኖሪ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ተቀምጧል። ሚስቱ ልትቀዳለት ብድግ ስትል እትዬ ኪኑኤ እጇን ያዟት።

«ተይው» አሏት።

ዋካና ሁለተኛ ሳህኗን ጨርሳ አባቷን ታያለች። እሱ ወለሉን ያያል። ምድጃው አጠገብ ገና ያልተረገጠ ቡኮ ቀርቶ ነበር። በመጨረሻ ተነሳ፤ ኩርፊያው ሳይወርድለት፣ አንዳችንንም ሳያይ ካልሲውን አውልቆ ጥግ ላይ ወረወረና ወጣበት። ሲረግጥ ንዴቱን ነው የሚረግጠው፤ ቤቱ ተናወጠ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። ከበርጩማው ላይ እናቱ፣ ድሮ ትንሽ ልጅ ሳለ ይሉት በነበረው ድምፅ፣ ተረከዝህን አሉት። ፊቱን ሳይመልስ ተረከዙን አደረገ። እኔ ሽንኩርት ልነቅል ነው ብዬ ወደ ማሳው ወጣሁ፣ ዓይኔን ማን እንዲያየው።

ባቡር ጣቢያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። አራተኛውን ቲኬት ማሳኖሪ እጁ ላይ አጣጥፎ አጣጥፎ በስተመጨረሻ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ነገ ቡኮውን የሚረግጠው ተረኛ ማን ነው አለኝ። ኮንዶ ነው፣ ከነገ ወዲያ የባንኩ ሰውዬ አልኩት። የባንኩ ሰውዬ ቀላል ነው፣ ጆንያ አሸክሙት አለኝ። ወርዶ ሲሄድ ጫማው ውስጥ ባዶ እግሩን መሆኑን አየሁ፤ ካልሲውን ጥግ ላይ ረስቶታል። ከዚያው ሆኜ ለእትዬ ኪኑኤ ደወልኩላቸው፤ ባቡሩ ገና አልተነሳም፣ በርሬ መጥቼ ልውሰድለት አልኳቸው።

«አልሰጥህም» አሉኝ። «ነሐሴ ላይ መጥቶ ይርገጥና ይውሰድ።»

ካልሲው ታጥቦ ከገመዱ አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ትናንት ጠዋት ቡኮውን ስረግጥ አይቼዋለሁ።